ከየት ይቆጠራል? የእርምጃና የመከላከል ሕግ በባለሙያዎች ቅርጫት ኳስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 2009 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ከተማ በተካሄደ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ የመጨረሻ ሴኮንዶች ላይ፣ የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ኳሱን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ሲገሰግስ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። የተያዘበት ጥፋት ተጫዋቾች ‹‹ትራቭሊንግ›› የሚሉት፣ ኳስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ የመራመድ ጥፋት ነበር። ክሊቭላንድ ተሸነፈ። ጄምስ ከጨዋታው በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ያደረገው ነገር የራሱ መለያ የሆነና ከሸርጣን አካሄድ ስሙን የወሰደ አነጣጠር እንጂ ጥፋት እንዳልሆነ ገለጸ። ፊልሙ በዝግታ እየተመለሰ ታየ። አንዱ ወገን ሦስት እርምጃ ቆጠረ፤ ሌላው ወገን ሁለት ቆጠረ። ፊልሙ አንድ፣ እግሮቹም የአንድ ሰው እግሮች ሆነው ሳለ ቆጠራው ለምን ሁለት ዓይነት ሊሆን እንደቻለ የጠየቀ ግን ከተከራካሪዎቹ መካከል ጥቂት ነበር።

ከዚህ ክርክር ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላም አለ። ይኸውም ‹‹የዛሬ ተጫዋች አይከላከልም፤ ልከላከል ቢልም ሕጉ አያስከላክለውም›› የሚለው የአንጋፋ ተመልካቾች ወቀሳ ነው። በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ ዙሪያ እነዚህ ሁለት ሙግቶች ለብዙ ዓመታት ሲነሱና ሲወድቁ ኖረዋል። አንዱ ስለ እግር፣ ሌላው ስለ እጅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይካሄዳሉ። የሕጉ ታሪክ ሲመረመር ግን ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ መንትዮች መሆናቸው ይታያል።

ቤቱ የሚገኘው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። በአገራችን ወ.ወ.ክ.ማ. በሚል አጠራር የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በዚያች ከተማ የአሠልጣኞች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበረው። በ1891 ክረምት፣ ማለትም በዚያ አገር በረዶው ሜዳውን በሸፈነበት ወራት፣ የክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ በካናዳ ተወላጁ መምህር በጄምስ ኔይስሚዝ ላይ አንድ ሥራ ጣለበት፤ በአዳራሽ ውስጥ ከሚደረገው ደረቅ ጂምናስቲክ የተሰላቹ 18 ተማሪዎች የሚጫወቱት አዲስ ጨዋታ እንዲፈልግ። ኔይስሚዝ በመጀመሪያ የውጪ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሽ ለማስገባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። የተጫዋቹ መውደቂያ ሣር ሳይሆን ሳንቃ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ኔይስሚዝ ያደረገው ነገር የማንኛውንም ንድፍ አውጪ ትኩረት የሚስብ ነው። የብልሽቱን ምንጭ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተከተለ ሄደ። በራግቢ ሰው የሚጎዳው ለምንድን ነው? ተጋጣሚው ጠልፎ ስለሚጥለው። ጠልፎ የሚጥለው ለምንድን ነው? ባለ ኳሱ ኳሱን ይዞ ስለሚሮጥና ሌላ ማቆሚያ መንገድ ስለሌለ። እንግዲያስ ባለ ኳሱ እንዳይሮጥ ከተከለከለ የሚጥለው ሰው አያስፈልግም፤ የሚጥለው ከሌለም ጉዳቱ ይቀራል። ይህን የአስተሳሰብ ሰንሰለት ኔይስሚዝ ራሱ በኋላ ዘመን ጽፎ አቆይቶታል። ግቡንም በ10 ጫማ ወይም በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሰቀለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኳሱ በጉልበት ተወርውሮ ሳይሆን በቅስት ተልኮ እንዲገባ። የተገኘው ዕቃ የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት ስለነበረ ጨዋታው ስሙን ከዚያ አገኘ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእርምጃ ሕግ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አጥቂውን ለመቅጣት ብቻ የወጣ አይደለም። ዋና ዓላማው ተከላካዩን መግራት ነበር። አጥቂው እግሩን አሰረ፤ በምላሹ ተከላካዩ እጁን ሰበሰበ። ውሉ ይህ ነው። ከ13ቱ የመጀመሪያ ሕጎች መካከል ሦስተኛው ኳስ ይዞ መሮጥን ይከለክላል፤ አምስተኛው ደግሞ መግፋትን፣ መያዝን፣ ማደናቀፍንና መምታትን ይከለክላል። አንዱ ወገን ከውሉ ጥቂት ባፈነገጠ ቁጥር ሌላው ወገን ካሣ ሲጠይቅ የኖረበት ታሪክ የቅርጫት ኳስ ሕግ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ሕግ ግን ሲወለድ ጀምሮ አንድ ስንጥቅ ነበረበት። ተጫዋቹ ኳሱን ከተቀበለበት ሥፍራ ሆኖ መወርወር አለበት ካለ በኋላ፣ በጥሩ ፍጥነት እየሮጠ ለተቀበለና ለመቆም ለሚሞክር ሰው አስተያየት እንዲደረግለት ያዛል። ኔይስሚዝ የተፈጥሮን ሕግ ያውቅ ነበር፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ አካል በቅጽበት ሊቆም አይችልም። ነገር ግን አስተያየቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ከየትኛውም ቅጽበት ጀምሮ እንደሚቆጠር አልጻፈም። በዚያን ቀን መጻፍ ያስፈለገው አይመስልም። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው የተጫወቱት ተማሪዎች በዚያ የመጀመሪያ ግጥሚያ ያስቆጠሩት አንዲት ግብ ብቻ ነበር።

ተጫዋች ሁልጊዜ ከሕግ አውጪ አንድ ቀን ይቀድማል። መሮጥ ከተከለከለ ኳሱን መሬት ላይ ጥሎ ተከትሎ ማንሳት አልተከለከለም በማለት፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ማንጠር ተፈጠረ። ኔይስሚዝ ያሰበው ጨዋታ የማቀበል ጨዋታ ነበር፤ ማንጠር ግን የተከለከለውን ሩጫ በሌላ በር መልሶ አስገባው። ሩጫው ሲመለስም ተከላካዩ ባለ ኳሱን ለማቆም መጋፋት ጀመረ፤ የዳኞችም ችግር አብሮ ተመለሰ።

በ1927 ነገሩ ጫፍ ደረሰ። በአሜሪካ የኮሌጅ ጨዋታ ሕግ የሚያወጣው የጋራ ኮሚቴ፣ የዊስኮንሲኑ አሠልጣኝ ዋልተር ሚንዌል ከመሩት ወገን በመጣ ሐሳብ፣ ማንጠር በአንድ ነጠራ ብቻ እንዲወሰን ወሰነ። አሠልጣኞቹን ማንም አላማከራቸውም። የካንሳሱ ፎግ አለን፣ እርሱም የኔይስሚዝ የቅርብ ሰው የነበረ፣ ባልደረቦቹን ለተቃውሞ አሰባሰበ፤ ውሳኔውም ተሻረ። ከዚያ ስብስብ የተወለደው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ብሔራዊ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ አለ። አንድ የሙያ ማኅበር ከአንዲት የቴክኒክ ድንጋጌ ሙግት መወለዱ ለዚህ መጽሔት አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ሚንዌልም ቢሆን አላዋቂ አልነበረም፤ የአሠልጣኙ አቋም ከኔይስሚዝ የመጀመሪያ ሐሳብ ጋር ከአለን አቋም ይልቅ ይቀራረብ ነበር።

ባለሙያዎቹ ወደ መድረኩ ሲወጡ የጥያቄው መልክ ተለወጠ፤ ትኬት የሚገዛ ሰው መጣ። በ1946 የተቋቋመው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በ1949 ከሌላ ሊግ ጋር ተዋሕዶ ኤን.ቢ.ኤ. የተባለው፣ ገና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ፣ በጃንዋሪ 1947፣ የዞን መከላከልን ከለከለ። የዞን መከላከል ማለት ተከላካዮች እያንዳንዳቸው አንድ አጥቂ በመከተል ፈንታ ሜዳውን በቀጣና ተከፋፍለው የሚጠብቁበት ዘዴ ነው። የአዳራሽ ባለቤቶች የነበሩት የክለብ ባለቤቶች ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ አምስት ሰው ከቅርጫቱ ሥር ተሰብስቦ ሲጠብቅ ጨዋታው ይሞታል፤ የሞተ ጨዋታ ለማየት የሚከፍል የለም።

ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ይህ ክልከላ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በአገራችን ሜዳዎች የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ዞንን ከልክሎ አያውቅምና። ክልከላው የአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ ብቻ ነበረ።

ክልከላውም የታሰበለትን በሽታ አላዳነም። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን የሚኒያፖሊስን ቡድን 19 ለ18 አሸነፈ። ይህ የአንድ ሩብ ጊዜ ሳይሆን የሙሉ ጨዋታ ውጤት ነው። ሚኒያፖሊስ ጆርጅ ማይካን የሚባል ረጅም ሰው ነበረው፤ ከ18ቱ ነጥቦች 15ቱን ያስቆጠረው እርሱ ነው። ፎርት ዌይን ይህን ሰው ማቆም እንደማይችል ስላወቀ ኳሱን ይዞ መቆምን መረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ ከቅርጫቱ በታች አጥቂ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ሊቆምበት የማይችለውን ክልል ስፋት ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሳደገ። በ1964 ደግሞ፣ በዊልት ቼምበርሌን ዘመን፣ ወደ 16 ጫማ ወይም 4.88 ሜትር አደረሰው። ሰውን ማሳጠር ስለማይቻል ወለሉ ሰፋ ማለት ነው።

እውነተኛው መድኃኒት የተገኘው ከአንድ የሒሳብ ስሌት ነው። የሲራኪዩዝ ክለብ ባለቤት የነበረው፣ በጣሊያን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደውና በቦውሊንግ ማጫወቻ ሥራ የሚተዳደረው ዳኒ ቢያሶን፣ ተመልካች የወደዳቸው ጨዋታዎች የትኞቹ እንደነበሩ መረመረ። በእነዚያ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ቡድን ወደ 60 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ ይወረውር እንደነበረ አገኘ፤ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ማለት ነው። የጨዋታው ጊዜ 48 ደቂቃ ወይም 2,880 ሴኮንድ ነው። ይህ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ከ1954–55 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ እንዲወረውር ተደነገገ። የአንድ ቡድን የአንድ ጨዋታ አማካይ ነጥብ በአንድ ዓመት ከ79.5 ወደ 93.1 ከፍ አለ።

የዚህ ድንጋጌ ውበት በአጭርነቱ ብቻ አይደለም። ዳኛው የማንንም ልብ መመርመር አላስፈለገውም። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጮኻል። ስለ 24 ሴኮንድ ሕግ ተመልካች ሲጣላ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የዞን ክልከላ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሰዓቱ ችግሩን ከፈታው በኋላም ክልከላው በመጽሐፉ ውስጥ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆየ። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነበር፤ አንድ ተከላካይ የቆመበት ሥፍራ ሰውን እየጠበቀ ነው ወይስ ሥፍራን እየጠበቀ ነው? ከላይ ሲታይ ሁለቱም መቆም ነው። ሊጉ በ1981 ዝርዝር መመሪያ አወጣ፤ ተከላካይ ወይ የራሱን ሰው በቅርብ ይከተል፣ ወይ ኳስ የያዘውን ለመርዳት በግልጽ ይሂድ፤ በመካከል ተንጠልጥሎ መቅረት ግን ‹‹ሕገ ወጥ መከላከል›› ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በኋላ የቅጣት ውርወራ ተመደበለት። ዳኛው ኳሱን ትቶ ከኳሱ ርቀው የቆሙትን ሰዎች እግርና ዐይን መመልከት ግድ ሆነበት። ከ1988–89 ጀምሮ ሦስተኛ ዳኛ በቋሚነት ቢጨመርም ጣጣው አልቀለለም።

አሠልጣኞች ደግሞ የሕጉን ሽንቁር ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሦስት አጥቂዎችን ከኳሱ በተቃራኒው ወገን ርቀው እንዲቆሙ ያደርጋሉ፤ ተከላካዮቻቸውም በሕጉ ታስረው አብረዋቸው ይቆማሉ፤ ኳሱ ካለበት ወገን አንድ ለአንድ ይቀራል። ሜዳ ላይ ከተሰለፉት 10 ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ቆመው የሚያዩበት ጨዋታ በዚህ መንገድ ተፈጠረ። ውብ ጨዋታ ለማየት የወጣ ሕግ፣ ከአዳራሹ በተጨማሪ ሜዳውንም በተመልካች ሞላው።

ያ አንዱ ተከላካይ ደግሞ እጁን ተጠቀመ። በአሜሪካኖቹ አነጋገር ‹‹ሃንድ ቼኪንግ›› የሚባለው፣ ተከላካዩ መዳፉን ወይም ክንዱን በባለ ኳሱ ወገብ ላይ አሳርፎ አቅጣጫውን የሚመራበት ዘዴ ነው። ልምድ ያለው ተከላካይ በአንድ እጁ ግፊት ብቻ አጥቂው ወዴት ሊዞር እንደፈለገ ከዐይን ቀድሞ ያውቃል፤ የሩጫውንም መስመር በጥቂቱ ያጎብጠዋል። ሊጉ በ1978–79 ይህን ለመቆጣጠር ሞከረ፤ ነገር ግን ንክኪው የተጋጣሚውን ጉዞ እስካላሰናከለ ድረስ የሚታለፍ ስለነበረ ዳኛው እንደገና መዛኝ ሆነ። በ1989 እና በ1990 ሻምፒዮና የሆነው የዲትሮይት ቡድን፣ ‹‹መጥፎዎቹ ልጆች›› የሚል ቅጽል የተሰጠው፣ አንጋፋ ተመልካቾች ‹‹መከላከል የነበረበት ዘመን›› ሲሉ በዐይናቸው የሚመላለሰው ቡድን ነው። በ1994 የእጅ ንክኪው በአብዛኛው የሜዳው ክፍል ተከለከለ፤ በ1997 ፊቱን ወደ ቅርጫቱ ያዞረን አጥቂ በክንድ መግታት ታገደ። ይህም ሆኖ፣ በሥራ ክርክር ምክንያት ባጠረው የ1998–99 የውድድር ዘመን የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ 91.6 ብቻ ሆነ። ከ24 ሴኮንድ ሰዓት የመጀመሪያ ዓመት እንኳ ያነሰ መሆኑ ነው።

በ2001 በጄሪ ኮላንጄሎ የሚመራ ኮሚቴ የሕገ ወጥ መከላከልን መመሪያ ጨርሶ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረበ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ዞን ተፈቀደ። በምትኩ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ፤ አጥቂን በቅርብ የማይጠብቅ ተከላካይ ከቅርጫቱ በታች ባለው ክልል ከሦስት ሴኮንድ በላይ እንዳይቆም። የሐሳብ ጥያቄ እንደገና ወደ ሰዓት ጥያቄ ተለወጠ። ሰውየው ማንን ሊጠብቅ እንዳሰበ መገመት ቀርቶ የቆየበትን ጊዜ መቁጠር ዋናው ሆነ። እርግጥ ‹‹በቅርብ›› የሚለው ቃል ውስጥ ትንሽ ጭጋግ መቅረቱ አይካድም፤ ቢሆንም የቀድሞውን ያህል አላወዛገበም። በ2004 የእጅ ንክኪ ቁጥጥሩ በጥብቅ ተሠራበት። አማካዩ ነጥብ በ2003–04 ከነበረበት 93.4 በቀጣዩ ዓመት 97.2 ደረሰ። ፈጣኑና ቀጭኑ የፊኒክስ ተጫዋች ስቲቭ ናሽ በ2005 እና በ2006 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በእጅ ሊገታ ይችል የነበረ ሰው አሁን በእግር ብቻ መከተል ነበረበት፤ በእግር ደግሞ አይያዝም።

ተከላካዩ እጁን እንዲሰበስብ በተገደደበት በዚሁ ዘመን የአጥቂው እግር ምን አደረገ? የመንትዮቹ ነገር ወደ ፊት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሊጉ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ስለ እርምጃ ሲናገር ‹‹እርምጃ›› የሚለውን ቃል ራሱን በጥንቃቄ ይሸሸው ነበር። እየሮጠ ኳስ የተቀበለ ወይም ማንጠር የጨረሰ ተጫዋች ለመቆም፣ ለማቀበል ወይም ለመወርወር ‹‹የሁለት ምት›› ጊዜ አለው ይል ነበር፤ እንደ ከበሮ ምት አንድ፣ ሁለት። የመጀመሪያው ምት የሚመታው ግን መቼ ነው? ኳሱ እጅ ሲነካ ነው፣ እጅ ኳሱን ሲጨብጥ ነው፣ ወይስ ከጨበጠ በኋላ እግር መሬት ሲረግጥ ነው? በእነዚህ ሦስት ቅጽበቶች መካከል ያለው ልዩነት የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ሆኖም በዚያች ጥቅሻ ውስጥ አንድ ሙሉ እርምጃ ትገባለች። ቅየሳ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ሁለት ቀያሾች አንዱን ኮረብታ ለክተው የተለያየ ከፍታ ቢያመጡ፣ ከመሣሪያቸው በፊት የሚጠየቀው ከየትኛው መነሻ ነጥብ እንደተነሱ ነው። ቅርጫት ኳስ ከ1892 ጀምሮ እርምጃን ሲቆጥር ኖረ፤ የመነሻ ነጥቡን ግን በመጽሐፉ አልተከለም ነበር።

ይህን ክፍተት ከሁሉ ቀድመው በሥራ ያዋሉት አውሮፓውያን ናቸው። በ1989 ከሊትዌኒያ ወደ ጎልደን ስቴት የሄደው ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ አንድ እርምጃ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ተቃራኒው ጎን እየጣለ ተከላካዩን መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ማስቀረትን አስተማረ። በ2002 ወደ ሳን አንቶኒዮ የመጣው አርጀንቲናዊው፣ በጣሊያን የበሰለው ማኑ ጂኖቢሊ ይህን አረማመድ በመላው ሊግ አስለመደው። ስሙም ‹‹ዩሮ ስቴፕ›› ሆነ። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የጂኖቢሊ አርጀንቲና የአሜሪካንን የባለሙያዎች ቡድን በግማሽ ፍጻሜ 89 ለ81 ስታሸንፍ ‹‹ይህ ሰው ይራመዳል›› ሲል የቆየው ብዙ ተመልካች ልጁን ያንኑ አረማመድ ማስተማር ጀመረ።

በ2009፣ የጄምስ የሸርጣን ነጠራ በተነፋበት ዓመት፣ ሊጉ የመጽሐፉን ቃል ለወጠና ሁለት እርምጃ እንደሚፈቀድ በግልጽ ጻፈ። ጋዜጦች ‹‹ሕጉ ላላ›› አሉ። የሊጉ የዳኝነት ኃላፊዎች መልስ ግን ምንም አልለወጥንም፣ ለዐሥርት ዓመታት ስንፈርድበት የኖርነውን ጻፍን እንጂ የሚል ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚያጽናና አይደለም። ግንባታው ካለቀ በኋላ ሥዕሉን ከግንባታው ጋር አስማምቶ ማረም በሥራ ቦታ የታወቀ ነገር ነው፤ ያ ሥዕል ግን የተሠራውን ያሳያል እንጂ በትክክል መሠራቱን አያረጋግጥም።

እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ሲጻፍ ዜሮው ገና አልተጻፈም ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2017 ደንቡን አሻሽሎ፣ ተጫዋቹ እየተንቀሳቀሰ ኳሱን ሲይዝ መሬት ላይ ያለው እግር በቆጠራ እንደማይገባ ደነገገ፤ ይህም ‹‹ዜሮ እርምጃ›› ተባለ። ኤን.ቢ.ኤ. በ2019 ተከተለ፤ ‹‹ኳስን መሰብሰብ›› ማለት ተጫዋቹ ኳሱን ለመያዝ፣ ከእጅ ወደ እጅ ለማዛወር፣ ለማቀበል፣ ለመወርወር ወይም በአካሉ አቅፎ ለመያዝ የሚያበቃ ቁጥጥር የሚያገኝበት ቅጽበት እንደሆነ ተረጎመ፤ የመጀመሪያ እርምጃ ከዚያ በኋላ መሬት የሚነካው እግር ነው። ከኔይስሚዝ ሕግ እስከዚህ ትርጉም ድረስ 127 ዓመት አለፈ።

በሁለቱ ዓመታት መካከል ዲሴምበር 17 ቀን 2018 አለ። በዚያ ምሽት የሂዩስተኑ ጄምስ ሃርደን ከዩታ ጋር ሲጫወት፣ ኳሱን ሰብስቦ ወደ ኋላ እየዘለለ ከሦስት ነጥብ መሥመር ውጪ ወጥቶ ወረወረ። ፊሽካ አልተነፋም። ይህ ወደ ኋላ የመርገጥ ዘዴ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ የሚኖረውም በዜሮ እርምጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። አንድ እግር መሬት ላይ ሳለ ኳሱ ይሰበሰባል፤ ያ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ከ2004 በፊት ቢሆን ኖሮ የተከላካዩ መዳፍ ወገቡ ላይ ስለሚሆን ይህን ሁሉ ሥፍራ ማግኘት ይከብደው ነበር። በዚያ ምሽት ግን ሃርደን ከሁለት በላይ ረገጠ፤ የዳኝነቱ ኃላፊዎችም ጥፋቱ መታለፉን በኋላ አመኑ። የተመልካቹ ክርክር ግን አልበረደም። ፊልሙን በዝግታ የሚያይ ሰው ዳኛው ያላየውን ያያል፤ ዳኛው ደግሞ ፊልሙ ያላሳየውን ፍጥነት አይቷል። በ2019 አሠልጣኞች የዳኛን ውሳኔ በፊልም እንዲመረመርላቸው እንዲጠይቁ ሲፈቀድም የእርምጃ ጥፋት በሚመረመሩት ውስጥ አልተካተተም።

እንግዲህ የአንጋፋዎቹ ወቀሳ በምን ያህል ይቆማል? በከፊል ብቻ። ‹‹ድሮ መከላከል ነበር›› ሲባል ድሮ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1961–62 የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ 118.8 ነበር፤ በ2018–19 ደግሞ 111.2። ነጥብን ብቻ የሚያይ ሰው በዚያ በራቀው ዘመን ይከላከል የነበረ የለም ይል ነበር። ይህም ስሕተት ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ጨዋታው ፈጣን፣ የሚወረወረው ኳስም እጅግ ብዙ ነበርና። ሰዎች በትዝታ የሚያነሡት ጠንካራ መከላከል በአብዛኛው ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2004 ድረስ ያለውን ጊዜ ነው፤ እርሱም እጅ ያልተሰበሰበበት፣ ውሉ ለተከላካዩ ያደላበት ዘመን ነበር። በሌላ በኩል ‹‹ሁሉም ልክ ነው፤ ጨዋታው አደገ እንጂ አልላላም›› የሚሉት ወጣቶችም ከእውነቱ የሚያልፉበት ቦታ አለ። የእጅ ንክኪው ሲከለከል እግር አብሮ መጥበቅ በተገባው ነበር፤ የሆነው ግን ሁለቱም ለአጥቂው መሆናቸው ነው። በዚያ ላይ በ1979 የመጣው የሦስት ነጥብ መሥመር አለ፤ ከመሐል 7.24 ሜትር፣ ከማዕዘን 6.71 ሜትር ርቆ የተሠመረ። አጥቂዎች ከዚህ መሥመር ውጪ ተበትነው መወርወር ሲለምዱ ያው አምስት ተከላካይ የሚሸፍነው ሜዳ እጥፍ የሆነ ያህል ሰፋበት። በፌብሩዋሪ 2024 በተደረገው የሊጉ ምርጦች ግጥሚያ ምሥራቅ ምዕራብን 211 ለ186 አሸነፈ። ግጥሚያው የመዝናኛ ነው፤ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም፤ ነገር ግን አንጋፋዎቹ ለዓመታት የሚያነሡት ቁጥር ሆነላቸው።

ኔይስሚዝ በታይፕ ያስጻፋቸው ሁለት ገጾች በዲሴምበር 2010 በኒው ዮርክ በጨረታ ቀርበው ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ። የገዛቸው ሰው ዴቪድ ቡዝ ኔይስሚዝ ለብዙ ዓመታት ላስተማረበት ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰጣቸው፤ በዚያም በመስተዋት ተከልለው ለሕዝብ ይታያሉ። ሦስተኛው ሕግ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። በጥሩ ፍጥነት እየሮጠ ኳስ ለተቀበለ ሰው አስተያየት እንዲደረግለት የሚያዘው ቃል በግልጽ ይነበባል፤ የእርምጃ ቁጥር ግን የለበትም።